ለተራራ ላይ ካቢን የፕሮፔን ሂተር አመራረጥ

ኮሎራዶ ውስጥ ከዴንቨር ወይም ከአውሮራ ተነስታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ተራራው ስትነዱ አየሩ ሌላ ነው። ከተማ ውስጥ በሹራብ የዋለ ሰው ፓርክ ካውንቲ ሲደርስ ካፖርቱን ይፈልጋል። እዚያ ትንሽ መሬት ገዝቶ የእንጨት ቤት የሠራ ወይም አሮጌ ካቢን የገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፤ በምን ላሙቀው? የከተማ ጋዝ አይደርስም። መብራቱ ወይ የለም፣ ወይ በረዶ ሲበረታ ይጠፋል። እንጨት ማንደድ ደስ ይላል፤ ግን ሌሊት እየተነሳ የሚጨምርበት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙው ሰው ወደ ፕሮፔን ይመጣል።

ከዚያ ሱቅ ይገባል፣ ረከስ ያለውን ያነሳል፣ ከፍሎ ይወጣል። ይህን የጻፍኩት ያ ሰው ከመክፈሉ በፊት እንዲያነበው ነው። ጉዳዩ የምቾት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አላስረዝመውም ነበር። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ አገር ቤት ያደገ ሁሉ ሰምቷል። ፕሮፔን ከከሰል በጣም የጠራ ነዳጅ ነው። ቢሆንም እሳት እሳት ነው። አየር ይበላል፤ አየር ሲያጥረው ከሰል የሚያወጣውን ያንኑ ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያወጣል።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምትተኙበት ቤት ከሆነ፣ አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱን መልሶ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ሂተር ግዙ። መጠኑ፣ ከፍታው፣ ሲሊንደሩ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ እነሱም ግን በደንብ ካልታሰቡ ገንዘብ ያስወጣሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ።

1. መጀመሪያ አጠቃቀማችሁን ጻፉ

ወረቀት ላይ ሦስት ነገር መልሱ። ቤቱ ውስጥ ታድራላችሁ ወይስ ቀን ውላችሁ ትመለሳላችሁ? ክረምቱን ሙሉ ነው ወይስ ቅዳሜና እሑድ ብቻ? መብራት አለ፣ ሶላር አለ፣ ወይስ ምንም የለም?

እነዚህ ሦስት መልሶች ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ግማሹን ዕቃ ያስወጡላችኋል። ቀን ብቻ ለሚሠራበት የእንጨት ሥራ ክፍል የሚሆን ሂተር፣ ልጆች ለሚያድሩበት ቤት አይሆንም።

2. ቤቱ ስንት ቢቲዩ እንደሚፈልግ አስሉ

ሂተሮች የሚለኩት በሰዓት በሚያነዱት ቢቲዩ ነው፤ ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው። ሻጩ «ይሄ እስከ 400 ካሬ ጫማ ያሞቃል» ይላችኋል። ሳጥኑም ላይ ተጽፏል። የማንን ቤት፣ በየትኛው ብርድ? ይህን ማንም አይጽፍም። ስለዚህ ራሳችሁ አስሉት። የሚያስፈልገው ሜትርና የስልክ ካልኩሌተር ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የግድግዳውን፣ የጣሪያውን፣ የወለሉን፣ የመስኮቱንና የበሩን ስፋት በካሬ ጫማ ለኩ። እያንዳንዱን ስፋት በኢንሱሌሽኑ፣ ማለትም ሙቀት እንዳያመልጥ በሚደረገው ሽፋን፣ የአር ቁጥር አካፍሉ። አር ማለት ሙቀትን የመከላከል አቅም ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ቤቱ ሙቀት ይይዛል። በስንጥቅ ለሚያመልጠው አየር ደግሞ የቤቱን ጠቅላላ ይዘት በኪዩቢክ ጫማ ውሰዱ፣ በ0.018 አባዙ፣ ከዚያ አየሩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ገምታችሁ በዚያ አባዙ። ደህና የተሠራ ቤት 1 ጊዜ፣ ነፋስ የሚገባበት አሮጌ ካቢን 3 ጊዜ ብላችሁ ያዙ። ሁሉንም ደምሩ። ድምሩን በውስጥና በውጭ የሙቀት ልዩነት አባዙ። ያ ቤቱ በሰዓት የሚያጣው ሙቀት ነው።

በምሳሌ እንየው። 12 ጫማ በ16 ጫማ የሆነ፣ ቁመቱ 8 ጫማ የሆነ ካቢን ውሰዱ። ወለሉ 192 ካሬ ጫማ ነው። መስኮቶቹ 40፣ በሩ 20 ካሬ ጫማ ይሁኑ፤ ለግድግዳው 388 ይቀራል። የውጩ ብርድ 10 ፋራናይት ከዜሮ በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች 23 ሴልሺየስ ገደማ ይሁን። ውስጡን 68 ፋራናይት፣ ማለትም 20 ሴልሺየስ እናድርገው። ልዩነቱ 78 ፋራናይት ነው።

ኢንሱሌሽኑ ጥሩ ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ይወጣል። ግድግዳው አር 11 ሆኖ 35፣ ጣሪያው አር 28 ሆኖ 7፣ ወለሉ አር 19 ሆኖ 10፣ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት አር 2 ሆኖ 20፣ በሩ 4፣ የአየሩ 28። ድምሩ 104። በ78 ሲባዛ 8,100 ቢቲዩ ገደማ።

አሁን ያው ቤት ኢንሱሌሽን የሌለው ይሁን። ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ አር 3፣ መስኮቱ ባለ አንድ መስታወት፣ አየሩ በሰዓት 3 ጊዜ የሚለወጥ። ድምሩ ወደ 390 ይወጣል። በ78 ሲባዛ ከ30,000 ቢቲዩ ያልፋል።

ስፋቱ ያው፣ ብርዱ ያው፣ ፍላጎቱ ግን አራት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ስለዚህ ኢንሱሌሽን በሌለው ቤት ውስጥ ትልቅ ሂተር ከማስገባታችሁ በፊት ገንዘቡን ጣሪያው ላይ አውሉት። የጣሪያና የወለል ኢንሱሌሽን፣ የበርና የመስኮት ዙሪያ መድፈኛ አንዴ ይከፈልበታል። ፕሮፔን ግን በየሳምንቱ ይከፈልበታል። ይህን ሰው ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ግን ሄዶ የሚገዛው ሂተሩን ነው። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

«ለማንኛውም በለጥ ያለውን ልግዛ» ማለትም አያዋጣም። 8,000 ለሚበቃው ቤት 40,000 ቢቲዩ የገባ እንደሆነ፣ ሂተሩ አሥር ደቂቃ ነዶ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ክፍሉ አንዴ ያልባል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል። ዕቃውም ቶሎ ያረጃል። ከስሌቱ ላይ ከሩብ እስከ ሲሶ ጨምራችሁ ያዙ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

3. ዓይነቱን ምረጡ

ገበያ ላይ ያሉትን በሁለት መክፈል ይቻላል። የክፍላችሁን አየር የሚበሉና የማይበሉ።

የመጀመሪያዎቹ ቬንት ፍሪ የሚባሉት ናቸው። ጭስ ማውጫ የላቸውም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ አሉ፤ እንደ ሚስተር ሂተር በዲ ያሉ በእጅ የሚንጠለጠሉ አሉ፤ እንደ ኦሊምፒያን ዌቭ ያሉ ነበልባል ሳይታይባቸው የሚሞቁ ካታሊቲክ የሚባሉ አሉ። ርካሽ ናቸው፣ ቱቦ ማስገቢያ ቀዳዳ አይፈልጉም፣ ሙቀቱ በሙሉ ቤት ውስጥ ይቀራል። ሻጩ የሚያሞግሳቸውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም ቤት ውስጥ የሚቀረው። የተቃጠለው ሁሉ እዚያው ነው።

እርጥበቱን ብቻ እንኳ እንይ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። ያ የምሳሌው ካቢን በብርዱ ቀን 24 ሰዓት ቬንት ፍሪ ሂተር ቢነድበት ወደ 4 ኪሎ ፕሮፔን ይበላል። ይህ ማለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ የሚተርፍ ውኃ በአንድ ቀን አየሩ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያ ውኃ ቀዝቃዛ ነገር ይፈልጋል። ጠዋት ስትነሱ የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ ያለቅሳል፣ የመስኮቱ እንጨት ሥር ውኃ ያቁራል፣ የብረት ምስማሩ ራስ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። ትንሽ ሲቆይ ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። አንሶላው ሁልጊዜ እርጥብ እርጥብ ይላል። ቬንት ፍሪ ሂተር ያለበትን ካቢን በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ ኦክስጅኑ ነው። አሜሪካ የሚሸጡት አብዛኞቹ የቤት ውስጥ ቬንት ፍሪ ሂተሮች ኦክስጅን ሲቀንስ ጋዙን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ አላቸው። ኦክስጅኑ ወደ 18 በመቶ ሲወርድ ትንሿ የፓይለት ነበልባል ከቦታዋ ትነሳለች፣ ጋዙ ይዘጋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው፤ መሣሪያው የሚያውቀው ኦክስጅንን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይደለም። አቧራ የያዘ ወይም የተበላሸ በርነር (ጋዙ የሚነድበት አካል) ኦክስጅን እያለም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል።

ሕጉም ቢሆን በዝምታ አላለፋቸውም። ካሊፎርኒያ ጭስ ማውጫ የሌላቸውን የጋዝ ማሞቂያዎች ለመኖሪያ ቤት አትፈቅድም። በአሜሪካ የጋዝ ደንብ መሠረት ደግሞ መኝታ ክፍል ውስጥ የሚገባ ቬንት ፍሪ ሂተር ግድግዳ ላይ የታሰረና ከ10,000 ቢቲዩ ያልበለጠ መሆን አለበት፤ መታጠቢያ ቤት ከሆነ ከ6,000 ያልበለጠ። ባለ አንድ ክፍል ካቢን ደግሞ ሙሉው መኝታ ክፍል ነው። ይህን አስቡበት።

እና ፋይዳ የላቸውም ወይ? አላቸው። በዲ የሚባለው ዓይነት ተንቀሳቃሽ ሂተር በር እየተከፈተ ለሚሠራበት ቦታ፣ ለግማሽ ሰዓት ቤቱን ለማሟሟቅ፣ ዋናው ሂተር ሲበላሽ ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው። ሲነድ መስኮት ከታችም ከላይም ትንሽ ከፈት ይበል። ከመተኛታችሁ በፊት ይጥፋ። በዚህ ላይ እኔ ድርድር የለኝም።

ሁለተኛዎቹ ዳይሬክት ቬንት የሚባሉት ናቸው። የሚነድበት ሳጥን ከክፍሉ ጋር አይገናኝም፤ ድፍን ነው። ግድግዳውን አልፎ የሚወጣው ቱቦ ብዙ ጊዜ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገባ ሁለት ቱቦ ነው። በውስጠኛው ጭሱ ይወጣል፣ በውጨኛው አየር ይገባል። እሳቱ የእናንተን አየር አይነካም። እርጥበቱም አብሮ ይወጣል። ከሙቀቱ የተወሰነው ከጭሱ ጋር ያመልጣል፤ የደኅንነት ዋጋው እሱ ነው።

ከነዚህ ውስጥ ኢምፓየርና ዊሊያምስ የሚሠሯቸው ግድግዳ ላይ የሚቀመጡ ሂተሮች አሉ። ውበት የላቸውም፤ ቡናማ ወይም ነጭ የብረት ሳጥን ናቸው። ግን ያለ መብራት ይሠራሉ። የጃፓኑ ሪናይ ጋዙን እንደ ብርዱ መጠን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ፣ ጸጥ ያለና ነዳጅ ቆጣቢ ሂተር ይሠራል፤ እሱ ግን መብራት ይፈልጋል። በጣም ትንሽ ለሆነ ቤት ለጀልባ የተሠሩት እንደ ዲኪንሰን ያሉ አሉ፤ በሶላር ባትሪ ባለ 12 ቮልት ለሚሠራ ቤት ደግሞ እንደ ፕሮፔክስ ያሉ አየር የሚነፉ ትንንሾች አሉ። የኢንሱሌሽን ሥራውን ለጨረሰ ትንሽ ካቢን እነዚህ ሁሉ ይሆናሉ።

ዋጋው እኩል አይደለም። ተንቀሳቃሹ መቶ ዶላር አካባቢ ሲሆን ዳይሬክት ቬንቱ ከነቱቦው ሺህ ዶላር አልፎ ይሄዳል። ልዩነቱ ይሰማል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ለሚታደርበት ቤት ሁለተኛውን ነው የምመክረው፤ አሁን ገንዘቡ ከሌለ እስኪጠራቀም ድረስ ቀን ቀን ብቻ እየሄዳችሁ ተመለሱ።

እነዚህን ደግሞ ጨርሶ ቤት አታስገቡ፦ ሲሊንደር ራስ ላይ የሚታሰረውን ክብ ሂተር፣ ለበረንዳ የሚሸጠውን ረጅሙን፣ የግንባታ ቦታ ላይ እንደ መድፍ የሚነፋውን፣ የካምፕ ምድጃውን። የጋዝ ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

4. ከፍታውን ቁጠሩበት

ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል አካባቢ የተጻፈ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ አየሩ ይሳሳል። በዚያ በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ያህል ጋዝ ብትለቁበት እሳቱ አየር ያጥረዋል፤ ጥቀርሻና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመጣል። ስለዚህ ጋዙ መቀነስ አለበት። አምራቹ ሌላ ነገር ካላለ በቀር በአሜሪካ የሚሠራበት ደንብ ከ2,000 ጫማ በላይ ለሆነ ቦታ፣ ከባሕር ጠለል ጀምሮ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 4 በመቶ መቀነስ ነው። ይህን የሚያደርገው ባለሙያ ነው፤ የጋዝ መርጫዋን ቀዳዳዋ በሚያንስ ሌላ ይቀይራታል። አንዳንድ ሂተሮች ለዚህ የራሳቸው ማስተካከያ አላቸው።

ካቢናችሁ 9,000 ጫማ ላይ ነው እንበል። 36 በመቶ ይቀነሳል። ባለ 15,000 ቢቲዩ ሂተር 9,600 ብቻ ያነዳል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። 15,000 የሚለው የሚነደው ጋዝ እንጂ ክፍሉ የሚያገኘው ሙቀት አይደለም። ዳይሬክት ቬንቱ 70 በመቶውን ለክፍሉ ቢሰጥ የሚቀራችሁ 6,700 ገደማ ነው። ቤቱ የሚፈልገው 8,100 ነበር። ጎደለ ማለት ነው! ባለ 25,000ው ግን በዚያው ስሌት 11,200 ይሰጣል። ከስሌታችን ከሲሶ ትንሽ ብቻ ያልፋል፤ ያንን ነው የምትወስዱት።

ሱቅ ውስጥ ባለ 15,000ውን አይቶ «ለ8,000 እጥፍ ሊሆን ነው፣ ይተርፈኛል» ያለ ሰው፣ ጥር ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል። ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቬንት ፍሪዎቹ ከፍታ ላይ የባሰ ይቸገራሉ። በዲ የሚባለው ሂተር መመሪያ ከ7,000 ጫማ በላይ ሂተሩ ሊጠፋ እንደሚችል ይናገራል። የኦክስጅን መቆጣጠሪያው አየሩ መሳሳቱን ኦክስጅን እንዳለቀ ይቆጥረዋል። 7,000 ጫማ ማለት ወደ 2,130 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። ስለዚህ «ለቤተሰብ ወደ አገር ቤት ልላክላቸው» ብላችሁ ያሰባችሁም ካላችሁ ይህን ቁጥር ልብ በሉ።

መቆጣጠሪያውን ነቅሎ ወይም አሳውሮ ከፍታ ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። ያንን ቤት ውስጥ አትደሩ።

5. መብራት የሚፈልግና የማይፈልግ

ይህ አጭር ነው። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ሂተር፣ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ዋና ማሞቂያ መሆን የለበትም። ሪናይ ወደዳችሁ እንበል፤ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር አስቡለት፣ ወይም ሌላ መጠባበቂያ ይኑር።

ያለ መብራት የሚሠሩት አብዛኞቹ ሁልጊዜ የምትነድ ፓይለት አላቸው። የፓይለቷ ሙቀት ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ተርሞስታቱን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በጣም ብልህ አሠራር ነው፤ ምንም ሽቦ ከውጭ አይመጣም። ግን ፓይለቷም ትበላለች። በሰዓት 800 ቢቲዩ ገደማ ብትወስድ ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር በሦስት ሳምንት ትጨርሳለች፣ ማንም ሳይሞቅበት። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ስትወጡ አጥፏት፣ ሲሊንደሩንም ዝጉ።

6. ጋዙንና ሲሊንደሩን አዘጋጁ

ሂተሩ ለፕሮፔን የተሠራ መሆኑን ሰሌዳው ላይ አንብቡ። ለከተማ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራውን እንዳለ ፕሮፔን ላይ መሰካት አደጋ ነው፤ ግፊቱም የመርጫው ቀዳዳም ይለያያል። መቀየሪያ ዕቃ ያላቸው ሞዴሎች አሉ። እሱንም ባለሙያ ይሥራው።

አንድ ፓውንድ ፕሮፔን 21,600 ቢቲዩ ገደማ ይዟል። ለባርቤኪዩ የምታውቁት ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር እንግዲህ 430,000 ያህል ነው። የምሳሌው ቤት በዚያ በብርቱ ብርድ 8,100 ቢቲዩ እንዲያገኝ ሂተሩ 11,600 ማንደድ አለበት። በ24 ሰዓት 278,000 ማለት ነው። ሲሊንደሩ አንድ ቀን ተኩል ይቆያል። ነዳጅ ማደያ በር ላይ ባዶውን ሰጥታችሁ የምትለውጡት ብዙ ጊዜ 15 ፓውንድ ብቻ ነው የሚሞላው፤ እሱ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። ባለ 100 ፓውንዱ ግን አንድ ሳምንት ያደርሳችኋል። እውነት ነው፣ ሁልጊዜ እንዲያ አይበርድም። ግን በረዶ መንገድ ዘግቶ ሦስት ቀን ብትቆዩ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ስሌት ነው። ለክረምት ማደሪያ ሁለት ባለ 100 ፓውንድ፣ አንዱ ሲያልቅ ወደ ሌላው በሚያዞር ሬጉሌተር (የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ) የተገናኙ ቢሆኑ እመርጣለሁ።

ትልቅ ሲሊንደር የሚመረጥበት ሌላ ምክንያት አለ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ጋዝ ሆኖ እንዲወጣ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ያንን ሙቀት ከራሱና ከአካባቢው አየር ይወስዳል። ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ሴልሺየስ ላይ ስለሆነ ኮሎራዶ ክረምት ላይም ጋዝ ይሰጣል። ነገር ግን ትንሽ ሲሊንደር፣ ከግማሽ በታች ሲሆን፣ በብርድ ብዙ ጋዝ ሲጠየቅ ራሱን ያቀዘቅዛል። ውጭ ወጥታችሁ ብታዩት ፈሳሹ እስካለበት ከፍታ ድረስ ነጭ በረዶ እንደ ቀበቶ ይዞታል። ያን ጊዜ ግፊቱ ይወርዳል፣ ነበልባሉ ያንሳል። ጋዙ አላለቀም፤ መትነን አቅቶት ነው። ትልቁ ሲሊንደር ሰፊ ገላ ስላለው ቶሎ አይሸነፍም። ሲሊንደሩን በእሳት ወይም በቤት ማሞቂያ ለማሞቅ መሞከር ግን ጨርሶ አይታሰብም። ለካምፕ ምድጃ የሚሸጠውን ቡቴን ደግሞ ተዉት፤ እሱ ዜሮ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል።

ሲሊንደር ሁልጊዜ ውጭ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጠንካራ መሠረት ላይ፣ እንዳይወድቅ ታስሮ ይቀመጣል። ቤት ውስጥ፣ ከወለል ሥር፣ ምድር ቤት አይሆንም። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፣ ፓይለት እስኪያገኝ ይጠብቃል። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 3 ጫማ፣ ከሂተሩ አየር መሳቢያና እሳት ከሚነሳበት ቦታ ቢያንስ 5 ጫማ ይራቅ። ቦቴ መጥቶ እዚያው የሚሞላው ከሆነ 10 ጫማ አድርጉት።

7. ተከላው

ፈቃድ ላለው የጋዝ ባለሙያ ክፈሉ፣ ከካውንቲውም ፈቃድ አውጡ። ግድግዳ መብሳቱን ራሳችሁ ልትችሉት ትችላላችሁ፤ የጋዝ ግፊት መለካትና ለከፍታ ማስተካከል ግን መሣሪያ ይፈልጋል። ባለሙያው ሲመጣ ቆማችሁ የምታዩት ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ የቱቦው የውጭ ጫፍ ከፍታ። ደረቅ ወቅት ላይ የሚሠራ ሰው በረዶውን ይረሳዋል። ከመሬት አንድ ጫማ ከፍ ያለ ቱቦ ጥር ላይ በረዶ ሥር ይቀበራል፤ የተደፈነ ቱቦ ያለው ሂተር ደግሞ ወይ ይጠፋል ወይ ይመርዛል። ጎረቤቶችን በረዶው የት ድረስ እንደሚደርስ ጠይቃችሁ ከዚያ በላይ አስደርጉት። ከጣሪያ ተንሸራቶ የሚወርደው በረዶ የሚያርፍበት ጎን ላይም አይሁን።

ሁለተኛ፣ የማፍሰስ ፍተሻ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ በብሩሽ ይቀባ። አረፋ ካበጠ ጋዝ እየወጣ ነው፤ ይዘጋ፣ ይጥበቅ፣ እንደገና ይቀባ። ክብሪት ለኩሶ የሚፈትሽ «ባለሙያ» ካያችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ሦስተኛ፣ ርቀቱ። መጋረጃ፣ አልጋ፣ ሶፋ፣ የተሰቀለ ልብስ ከሂተሩ ፊት 3 ጫማ ይራቅ። ትንሽ ቤት ውስጥ ይህ ከባድ ነው፤ ስለዚህ የአልጋውን ቦታ ሂተሩ ከመተከሉ በፊት ወስኑ።

በየዓመቱ ከክረምት በፊት በርነሩና ቱቦው ይጸዳ፣ ይታይ። አይጥና ሸረሪት ቱቦ ውስጥ ጎጆ መሥራት ይወዳሉ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑን ተመልከቱ። ለጌጥ ብሎ ቢጫ እንዲነድ የተሠራ ካልሆነ በቀር ቢጫና የሚውለበለብ ነበልባል አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ አጥፉትና አስፈትሹት።

8. አላርሙ

እ.ኤ.አ. በ2008 በምስጋና በዓል ሰሞን አስፐን አቅራቢያ በአንድ የእረፍት ቤት ውስጥ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች በካርቦን ሞኖክሳይድ አለቁ። ቤቱ ውድና ዘመናዊ ነበር። የቦይለሩ፣ ማለትም የውኃ ማሞቂያው፣ የጭስ ቱቦ ተለያይቶ ነበር። በ2009 ኮሎራዶ በሚሸጡና በሚከራዩ ቤቶች ውስጥ ከመኝታ ክፍል መግቢያ በ15 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እንዲኖር የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ለራሳችሁ ካቢን ግን ሕግ አትጠብቁ። ዳይሬክት ቬንት ቢሆንም አላርም ይኑር። በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ተራው አላርም ዝቅተኛ መጠን ላይ አይጮህም። የአሜሪካው መመዘኛ 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን) ላይ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ እንዲጮህ፣ 400 ላይ ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ እንዲጮህ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ቁጥር የሚያሳየውን፣ ትንሹንም መጠን የሚናገረውን ግዙ። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ይህ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሱ ሌላ የፕሮፔን አላርም አለ፤ እሱ ወለል አጠገብ ይቀመጣል። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ፕሮፔን የሚሸት ነገር ተጨምሮበታል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ምንም አይሸትም።

ተራራ ላይ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ናቸው። የከፍታ ሕመም ምልክቶችም እነዚሁ ናቸው። ከከተማ የመጣ እንግዳ ራሴን አመመኝ ሲል «ከፍታው ነው፣ ውኃ ጠጣና ተኛ» ይባላል። እንዲህ አትበሉ። መጀመሪያ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ። አብረው ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ካመማቸው፣ ወይም ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ሂተሩን ጠርጥሩ። አላርሙ ከጮኸም ያው ነው፤ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ቆጥራችሁ አረጋግጡ፣ 911 ደውሉ፣ እሳት አደጋዎች መጥተው እስኪለኩ ድረስ ለጫማም ለስልክም ብላችሁ አትመለሱ። በካቢኑ አካባቢ ስልክ የሚይዘው የት እንደሆነ የመጀመሪያው ቀን ላይ ፈልጋችሁ ለቤተሰቡ በሙሉ አሳዩ። የመኪናው ቁልፍ በር አጠገብ ይሰቀል።